ሃሪ ቤላፎንቴን ከየት እንጀምረው? ሸክላውን፣ ፊልሙን ወይስ መጽሐፉን ለሚያመነታ ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

ሃሪ ቤላፎንቴን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚቸገረው ሥራ ጠፍቶ ሳይሆን በዝቶበት ነው። የመጀመሪያ ፊልሙ የወጣው በ1953 ነው፤ የመጨረሻው በ2018። (ከ77ቱ ድርቅ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመሃል የአልበም መዓት፣ የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ አንድ ወፍራም ግለ ታሪክ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ዘጋቢ ፊልሞች አሉ። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ «ካርመን ጆንስ»ን ይጠቁማል። ዘፋኙን ቤላፎንቴ ፈልጎ ለመጣ ሰው ግን ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

እኛ አገር ስሙ የሚነሳው ከ77ቱ ድርቅ ጋር ነው። በአሜሪካ ያሉ ዘፋኞችን ሰብስቦ ለኢትዮጵያ ርዳታ ማሰባሰብ የሚለው ሐሳብ መነሻው እሱ ነበር። ብዙዎቻችን ከዚያ ወዲህ ያለውን ሽማግሌ እንጂ፣ በሃምሳዎቹ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ አዳራሽ የሚያስጮኸውን ወጣት አናውቀውም። ይህ መመሪያ ለሁለቱም ፈላጊ ነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ መጋቢት 1 ቀን 1927 ኒውዮርክ፣ ሃርለም ተወለደ። ወላጆቹ ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ የልጅነቱን ጥቂት ዓመታት ያሳለፈው በእናቱ አገር በጃማይካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገለገለ። ከዚያ ትያትር ተማረ፤ ማርሎን ብራንዶ አብሮት ይማር ነበር። ተዋናዩን ሲድኒ ፖይቲዬን ያገኘው በዚያው ዘመን በሃርለም የጥቁሮች ትያትር ቤት ነው። ሁለቱ በዘጠኝ ቀን ልዩነት የተወለዱ እኩያሞች ናቸው፤ ሲጣሉም ሲታረቁም ዕድሜ ልካቸውን አብረው ኖረዋል። ዘፈን የጀመረው ለእንጀራ ነው፤ ልቡ ትወናው ላይ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 2023 በ96 ዓመቱ አረፈ።

በምን እንመዝነው?

ወደ ሥራዎቹ ከመግባታችን በፊት መለኪያውን እናስቀምጥ፤ አለበለዚያ «ይሄ ግሩም ነው፣ ያም ግሩም ነው» እያልን ነው የምንውለው።

አንደኛው ድምፁ ነው። በሥራው ውስጥ እሱ ራሱ ይዘፍናል? በቤላፎንቴ ጉዳይ ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም።

ሁለተኛው ትወናው ነው። ፊልሙ የሚሠራ ነገር ሰጥቶታል ወይስ መልኩን ብቻ ነው የተጠቀመበት? በሃምሳዎቹ ሆሊውድ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ስለነበር ጥያቄው ይገባል።

ሦስተኛው ሰውየውን ያሳያል ወይ የሚለው ነው። ቤላፎንቴ የማርቲን ሉተር ኪንግ የቅርብ ወዳጅና ገንዘብ አፈላላጊ ነበር። በበርሚንግሃም ሰልፍ ለታሰሩት የዋስ ገንዘብ አሰባስቧል፤ በ1964 ክረምት ደግሞ ከፖይቲዬ ጋር ለጥቁሮች መብት ታጋዮች ጥሬ ገንዘብ በቦርሳ ይዞ ሚሲሲፒ ወርዷል። ይህን ያላየ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

አራተኛው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው፣ ወይም ከአባቱና ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው፣ ንግግር የበዛበት ፊልም ይሰለቸዋል። አምስተኛው ወጪ ነው፤ ገንዘቡም የኢንተርኔት ፓኬጁም።

ስለ ሥዕሉ ጥራት አላነሳም። አብዛኞቹ በጥሩ ቅጂ ይገኛሉ።

ድምፁን ለሚፈልግ፦ ሦስት አልበም

«ካሊፕሶ» (1956) ዝናውን ያመጣው ነው። በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ አናት ላይ 31 ሳምንት ተቀምጧል፤ አንድ ዘፋኝ ለብቻው ሠርቶት ከሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው ረጅም ሸክላ እየተባለም ይጠራል። «ዴይ ኦ» እና «ጃማይካ ፌርዌል» ያሉት እዚህ ውስጥ ነው። ከ11ዱ ዘፈኖች አብዛኞቹን የጻፈው ኧርቪንግ በርጊ የተባለ የኒውዮርክ ልጅ ነው። አልበሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ለፓኬጅም ይራራል።

ስሙ ግን ያሳስታል። ካሊፕሶ የትሪኒዳድ ነው፤ በፌዝና በፖለቲካ የተሞላ፣ የእኛን የአዝማሪ ቅኔ የሚያስታውስ የተረብ ዘፈን። «ዴይ ኦ» ግን የጃማይካ የጉልበት ሠራተኞች ዜማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሙዝ ሲጭኑ ያደሩ ሰዎች ጎህ ሲቀድ ቆጣሪው መጥቶ የተሸከሙትን ቆጥሮ እንዲያሰናብታቸው ይለምናሉ። ትሪኒዳዶች በዚያን ጊዜ «ይሄ ሰውዬ የካሊፕሶ ንጉሥ አይደለም» ብለው ማጉረምረማቸው አያስደንቅም፤ እሱም ማዕረጉን ለራሱ አልሰጠም። አልበሙን ስትሰሙ ድግስ ዘፈን ነው ብላችሁ አትለፉት። ዳንኪራ የሚመስለው ዜማ ውስጥ የደከመው ሰው «ወደ ቤቴ ልሂድ» እያለ ነው።

«ቤላፎንቴ አት ካርኔጊ ሆል» (1959) ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ አድልዎዬን ከአሁኑ ልናገር። ሚያዝያ 19 እና 20 ቀን 1959 ለበጎ አድራጎት ከቀረቡ ሁለት የመድረክ ዝግጅቶች ላይ የተቀዳ ነው፤ ሁለት ሸክላ። ሦስት ክፍል አለው፦ መጀመሪያ የጥቁር አሜሪካውያን ዜማዎች፣ ቀጥሎ ካሪቢያን፣ መጨረሻ ላይ የዓለም ዘፈኖች። በአንድ ምሽት የዕብራይስጡን «ሃቫ ናጊላ»፣ የአየርላንዱን «ዳኒ ቦይ»፣ የሜክሲኮውን «ኩኩሩኩኩ ፓሎማ» ይዘፍናል። እስራኤል ያላችሁ ወገኖች ስለ ሃቫ ናጊላው የየራሳችሁ አስተያየት ሊኖራችሁ ይችላል፤ አዳራሹ ግን ከእሱ ጋር ነበር።

የዚህ አልበም ማሳያ «ማቲልዳ» ነው። ገንዘቡን ይዛ ቬኔዙዌላ ስለጠፋች ሴት የሚያወራ ቀላል ዘፈን ሲሆን መድረኩ ላይ ከ11 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ቤላፎንቴ አዝማቹን ለሕዝቡ ያድላል፤ አንዴ ለዚህ ወገን፣ አንዴ ለዚያ፣ አንዴ ከላይ ለተቀመጡት። በመጨረሻ «አሁን ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ ሴቶች ብቻ!» ይላል። ሳቁ ይፈነዳል፤ የሚዘፍን ግን አለ። ትወና የተማረ ዘፋኝ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አዳራሹን የሚመራው በድምፁ ብቻ አይደለም፤ የት ቆም ማለት፣ የት ዝቅ ማለት እንዳለበት ያውቃል። ስለ ድምፅ መሣሪያ የሚጨነቁ ሰዎችም አዲስ ስፒከር ሲገዙ በዚህ ሸክላ መሞከራቸው የታወቀ ነው፤ ቀረጻው አዳራሹን እስከ ጥጉ ያሰማል።

ሦስተኛው ከሚርያም ማኬባ ጋር የሠራው የ1965ቱ አልበም ነው። ቤላፎንቴ ደቡብ አፍሪካዊቷን ዘፋኝ አሜሪካ ላይ በእግሯ ካቆሟት ሰዎች አንዱ ነው። ማኬባ ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት መጥታ ዘፍናለች። አልበሙ በዙሉ፣ በኮሳ፣ በሶቶና በስዋሂሊ የተዘፈነ ነው፤ የግራሚ ሽልማትም አግኝቷል። ገዢ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም ስላለ ከዳር እስከ ዳር አብረው የሚዘፍኑ ይመስላል፤ የጋራ ዘፈናቸው ግን ሁለት ብቻ ነው። አንዱ «ማላይካ» ነው፤ ለእሱ ብቻ ቢገዛም አይቆጭም።

ትወናውን ለሚፈልግ፦ ፊልሞቹ

አሁን ወደ «ካርመን ጆንስ» (1954)። ዳይሬክተሩ ኦቶ ፕሬሚንገር ነው። የፈረንሳዊው ሙዚቀኛ የቢዜ «ካርመን» የተባለ ኦፔራ ወደ አሜሪካ ጥቁሮች ሕይወት ተወስዶ፣ ካርመን የፓራሹት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ወዳጇ ጆ ደግሞ ወታደር ሆነዋል። ቤላፎንቴ ወታደሩን ሆኖ ይጫወታል። አፉን ከፍቶ ሲዘፍን የምትሰሙት ግን የእሱን ድምፅ አይደለም! ሙዚቃው የኦፔራ ድምፅ ይጠይቃል ተብሎ ለቨርን ሃቸርሰን የተባለ ዘፋኝ ነው የዘፈነለት። የካርመንን ድምፅም ዶሮቲ ዳንድሪጅ አይደለችም የሰጠችው፤ ማሪሊን ሆርን የምትባል ነጭ ወጣት ነች። ዳንድሪጅም ዘፋኝ ነበረች። ሁለት ዘፋኞችን መሪ ተዋናይ አድርጎ ሁለቱንም ድምፅ አልባ ማድረግ፣ ዛሬ ሲያስቡት ግራ ያጋባል።

ታዲያ አይታይ ማለቴ አይደለም። ዳንድሪጅ በዚህ ፊልም ለዋና ተዋናይት ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች፤ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ የፋብሪካው ምግብ ቤት ስትገባ ለምን እንደታጨች ይገባችኋል። ፊልሙ የእሷ ነው። ቤላፎንቴ መልከ መልካም፣ ቅን፣ ትንሽ ድርቅ ያለ ወታደር ነው፤ ጆ ወደ ጥፋት ሲያዘግም ፊቱ የሚለወጠው ዘግይቶ ነው። ለዳንድሪጅ እዩት።

«አይላንድ ኢን ዘ ሰን» (1957) በዘመኑ ብዙ አቧራ ያስነሳ ነው። ቤላፎንቴ በአንዲት የካሪቢያን ደሴት የሠራተኞች መሪ ሆኖ ከነጯ ጆአን ፎንቴን ጋር ይቀራረባል። የደቡብ ካሮላይና ሕግ አውጪዎች ፊልሙን የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ይቀጣ የሚል ሐሳብ እስከ ማንሳት ደርሰዋል። ዛሬ ስታዩት «ይሄ ነው ያን ያህል ያስጮኸው?» ትላላችሁ፤ ሁለቱ መሳሳም እንኳ አይፈቀድላቸውም። እሱ ራሱም ለፊልሙ ጥሩ ቃል አልነበረውም። ባርቤዶስና ግሬናዳ የተቀረጸው መልክዓ ምድር ያምራል፤ የርዕሱን ዘፈን በራሱ ድምፅ ይዘፍናል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በአጭሩ፣ ዘፈኑን ስሙና ፊልሙን ለኋላ አቆዩት።

«ዘ ወርልድ፣ ዘ ፍሌሽ ኤንድ ዘ ዴቭል» (1959) እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ የቆየ ሠራተኛ ሲወጣ ዓለም ባዶ ሆናለች። ኒውዮርክ ይደርሳል፤ መኪና ቆሟል፣ ሰው የለም። የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል ንግግር አልባ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ብቻውን ይሄዳል፣ ብቻውን ይጮኻል፣ ከሱቅ መስኮት አሻንጉሊት ሰው አምጥቶ ያወራዋል። አንድ ተዋናይ ባዶ ከተማን ብቻውን ሲሸከም ማየት ብርቅ ነው። ሌሎች ሁለት ሰዎች ከመጡ በኋላ ፊልሙ ይፈራል፤ የጀመረውን የዘር ጥያቄ ሳይጨርስ ያልፈዋል።

እና «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው» (1959)። ስለ አንድ የቤላፎንቴ ፊልም ብቻ ተናገር ከተባልኩ ይህን ነው የምናገረው። ያሠራው የራሱ የፊልም ድርጅት ሃርቤል ነው፤ በዚያ ዘመን ጥቁር ተዋናይ የራሱ ፕሮዲዩሰር ሲሆን ተራ ነገር አልነበረም። ድርሰቱን የጻፈው አብርሃም ፖሎንስኪ በኮሚኒስትነት ተጠርጥሮ ከሥራ የታገደ ሰው ስለነበር ስሙ ሊወጣ አልቻለም፤ በምትኩ ጥቁሩ ደራሲ ጆን ኪለንስ ስሙን አዋሰ። የፖሎንስኪ ስም የተመለሰው በ1996 ነው። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዋይዝ፣ ሙዚቃው የጃዙ ጆን ሉዊስ።

ታሪኩ የባንክ ዘረፋ ነው። ከሥራ የተባረረ ሽማግሌ ፖሊስ ሁለት ሰዎች ይመለምላል፦ ጥቁር መጥላት የተጠናወተው የቀድሞ ወታደር (ሮበርት ራያን) እና በፈረስ ውርርድ ዕዳ የተዘፈቀ የሌሊት ክበብ ዘፋኝ ጆኒ ኢንግራም (ቤላፎንቴ)። ጆኒ ለምን አስፈለገ? እዚህ ላይ ነው የድርሰቱ ብልሃት። ባንኩ ማታ ማታ ቡና የሚያመጣለት አንድ ጥቁር አሳላፊ አለ። ዘበኛው በሩን በሰንሰለት ገርበብ አድርጎ ጥቁር እጅ፣ ነጭ ጃኬትና የቡና ሣጥን ካየ ይከፍታል፤ ፊቱን አያይም። ዕቅዱ በሙሉ የቆመው ነጮቹ አንዱን ጥቁር ከሌላው አይለዩም በሚለው ላይ ነው። ማንም ይህን በንግግር አያብራራም፤ ዕቅዱ ራሱ ይናገራል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ቤላፎንቴ በራሱ ድምፅ ይዘፍናል፤ ቫይብራፎን (በመምቻ የሚመታ የብረት መሣሪያ) እየመታ። የማልረሳው ቦታ ግን ዘፈኑን የሚያበላሽበት ነው። የዕዳ ጌቶቹ በልጁና በቀድሞ ሚስቱ ካስፈራሩት በኋላ ሰክሮ ወደ ክበቡ ይገባል። መድረኩ ላይ ሌላ ዘፋኝ አለች። እሱ ከኋላዋ ቫይብራፎኑን ያለ ልክ ይደበድባል፣ ቃሏን እየነጠቀ ይጮኻል። በዓለም ላይ ሚሊዮን ሸክላ የሸጠ ድምፅ ነው፤ ሆን ብሎ ያስጠላዋል። ካርመን ጆንስ ላይ የጎደለው ሁሉ እዚህ አለ። መጨረሻውን አልናገርም፤ ብቻ ከማጥፋታችሁ በፊት የመጨረሻውን ንግግር በደንብ ስሙት።

ከዚያ በኋላ ሆሊውድን ለ11 ዓመት ተወው። የሚመጣለትን ድርሰት እየመለሰ በስልሳዎቹ አንድም የሆሊውድ ፊልም አልሠራም፤ የትግሉ ዓመታት ናቸው። በኋላ ከተመለሰባቸው ውስጥ «ባክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር» (1972) ለቤተሰብ ይሆናል። ፖይቲዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳይሬክት ያደረገው ነው፤ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎችን ጓዝ ወደ ምዕራብ ስለሚመራ ሰው የሚያወራ የካውቦይ ፊልም። ቤላፎንቴ ጥርሱ የበለዘ አጭበርባሪ ሰባኪ ሆኗል፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ፈልፍሎ ሽጉጥ ደብቆበታል። መልከ መልካምነቱን ጥሎ ሲጫወት እንዴት ደስ እንዳለው ያስታውቃል። «ካንሳስ ሲቲ» (1996) ላይ ደግሞ ክፉ የወንበዴ አለቃ ነው፤ የኒውዮርክ ፊልም ሐያሲያን ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ደጋፊ ተዋናይ ብሎታል። ጭካኔው ለስላሳ ነው፣ ንግግሩ ብዙ፤ ፊልሙ ግን ይጎተታል። የመጨረሻው የ2018 ፊልም ላይ አጭር ትዕይንት ብቻ ነው ያለው፤ ለእሱ ብላችሁ አትክፈሉ።

ሰውየውን ለሚፈልግ፦ መጽሐፍ ወይስ ዘጋቢ ፊልም

«ማይ ሶንግ» (2011) ከጋዜጠኛ ማይክል ሽናየርሰን ጋር የጻፈው ግለ ታሪክ ነው፤ ከ400 ገጽ በላይ። በዚያው ዓመት የወጣው «ሲንግ ዩር ሶንግ» ደግሞ እሱ ራሱ እየተረከ የሚመራን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ዘጋቢ ፊልም ነው። ርዕሳቸው ስለሚመሳሰል አንዱ የሌላው ቅጂ ይመስላል፤ አይደለም። ዘጋቢው ፊልም የትግሉን ታሪክ ከነሥዕሉ ያሳያል፤ ዋሽንግተን ሰልፍ፣ ሚሲሲፒ፣ ደቡብ አፍሪካ። ሰውየው ግን ራሱን ስለራሱ እያስተረከ ስለሆነ ጥላው አይታይም። መጽሐፉ ይሻላል፦ ስለ ትዳሮቹ፣ ስለ ቁማሩ፣ ከፖይቲዬ ጋር ስለነበረው ፉክክርና ቅናት ያወራል። ሁለቱም ከእሱ አንደበት እንደመጡ ግን አትርሱ።

ወደ እኛ ታሪክ ለመግባት የሚፈልግ ሰው «ዘ ግሬተስት ናይት ኢን ፖፕ» (2024) አለለት። ጥር 28 ቀን 1985 ማታ ሎስ አንጀለስ ውስጥ «ዊ አር ዘ ወርልድ» እንዴት እንደተቀዳ ያሳያል። ቤላፎንቴ ነገሩን የዘፋኞች ሥራ አስኪያጅ ለሆነው ለኬን ክራገን አንስቶ ነው የተጀመረው፤ በዘፈኑ ላይ ግን ብቻውን የሚዘፍናት አንድ ስንኝ የለችውም፣ ከኋላ ከተቀባዮቹ መሃል ቆሟል። ሌሊቱ ሲገፋ አል ጃሮ «ዴይ ኦ»ን ይጀምራል፤ ያ ሁሉ ዝነኛ ተቀብሎ ለሽማግሌው ይዘፍንለታል። በዚያው ሌሊት ስቲቪ ዎንደር የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያት ስቱዲዮ ገብተው ምስጋና አቅርበው ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ርዳታ ሲላክ ቤላፎንቴ ከልዑካኑ ጋር ኢትዮጵያ ደርሷል። ፊልሙ ስለ ድርቁ የሚያወራው ጥቂት ነው፤ ስለ ዘፋኞቹ ነው። ስለ ቤላፎንቴም ከዚያ አይበልጥም።

በአንድ ዓይን

| ሥራው | ድምፁ | ትወናው | ሰውየው | እንግሊዝኛው | ርዝመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ካሊፕሶ (1956) | አለ | የለም | ጥቂት | ቀላል | ግማሽ ሰዓት ያህል |
| ካርኔጊ ሆል (1959) | ከሁሉም በላይ | መድረክ ላይ አለ | አለ | ቀላል | ሁለት ሸክላ |
| ከማኬባ ጋር (1965) | አለ፤ የጋራው ሁለት ብቻ | የለም | አለ | አያስፈልግም | አንድ ሸክላ |
| ካርመን ጆንስ (1954) | የሌላ ሰው ነው | መካከለኛ | የለም | መካከለኛ | 1፡45 ገደማ |
| አይላንድ ኢን ዘ ሰን (1957) | አለ | ደካማ | ጥቂት | ንግግር ይበዛል | 2 ሰዓት ገደማ |
| ዘ ወርልድ፣ ዘ ፍሌሽ ኤንድ ዘ ዴቭል (1959) | ጥቂት | ጥሩ | ጥቂት | በጣም ቀላል | 1፡35 ገደማ |
| ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው (1959) | አለ | ምርጥ | አለ | መካከለኛ | 1፡36 ገደማ |
| ባክ ኤንድ ዘ ፕሪቸር (1972) | የለም | በጣም ጥሩ | አለ | መካከለኛ | 1፡42 ገደማ |
| ካንሳስ ሲቲ (1996) | የለም | በጣም ጥሩ | የለም | ከባድ | 2 ሰዓት ገደማ |
| ሲንግ ዩር ሶንግ (2011) | ቅንጭብጫቢ | ቅንጭብጫቢ | ሙሉ፣ በራሱ አንደበት | መካከለኛ | 1፡44 ገደማ |
| ማይ ሶንግ (2011) | የለም | የለም | ከሁሉም ጥልቅ | ከባድ | ከ400 ገጽ በላይ |

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ፣ ፓኬጁም የሚያሳስበው፦ «ካሊፕሶ»ን በድምፅ ብቻ ያዳምጥ። ቪዲዮ ከፍቶ ዳታ ማቃጠል አያስፈልግም፤ ሽፋኑን አይቶ መዝጋት ይችላል።

አንድ ምሽትና የአንድ ፊልም ኪራይ ያለው፦ «ኦድስ አጌንስት ቱሞሮው»። ድምፁም ትወናውም በአንድ ላይ የተገኘው እዚህ ብቻ ነው።

ከወላጆቹ ጋር የሚያይ፦ መጀመሪያ ካርኔጊ ሆልን ቤት ውስጥ ይክፈትላቸው፤ ማቲልዳ ጋ ሲደርስ እንግሊዝኛ የማይችሉትም ይስቃሉ። ፊልም ካስፈለገ ባዶ ከተማዋን ወይም ሰባኪውን።

ልጆች ላሉት፦ በሰባዎቹ መጨረሻ በ«ማፔት ሾው» አሻንጉሊቶች መሃል እንግዳ ሆኖ የቀረበበት ዝግጅት አለ። «ዴይ ኦ»ን ከእነሱ ጋር ሲዘፍን ልጅ አይነሳም፤ በአፍሪካ ጭምብሎች ታጅቦ የሚዘፍነው የመጨረሻው ዘፈን ደግሞ ለአዋቂም ነው።

አሜሪካና አውሮፓ የምትኖሩ ከመግዛታችሁ በፊት የከተማችሁን ላይብረሪ ጠይቁ። በላይብረሪ ካርድ በነፃ የሚከፈቱ የፊልም አገልግሎቶች የዚህን ዘመን ፊልሞች ይይዛሉ፤ መጽሐፉንም ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጡላችኋል። ኒውዮርክ ያለ ሰው ደግሞ ሃርለም 115ኛ ጎዳና ላይ በስሙ የተሰየመ ላይብረሪ አለለት፤ የግል ሰነዶቹና ቅጂዎቹ ያሉት እዚያው ሃርለም ሾምበርግ ማዕከል ነው፤ ለጥናት ለሚፈልግ ሰው ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል።

ለትግሉ ታሪክ የመጣ፣ አንባቢ ከሆነ መጽሐፉን፤ ካልሆነ ዘጋቢውን ፊልም። ሁለቱንም መግዛት ብክነት ነው። ለ77ቱ ታሪክ የመጣ ደግሞ የ2024ቱን ፊልም ይይ፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን ካርኔጊ ሆልን ይስማ። አለበለዚያ ያ ሁሉ ዝነኛ ሌሊቱን ለምን ለአንድ ሽማግሌ ቆሞ እንደዘፈነ አይገባውም።

ሸክላ ለሚሰበስቡ አንድ ማሳሰቢያ ይቀራል። የካርኔጊ ሆል አልበም ሁለት ነው፤ ሻጭም ራሱ ይደባልቃቸዋል። እኔ የማወራው የ1959ኙን ነው። ሽፋኑ ላይ የኦዴታና የሚርያም ማኬባ ስም ካያችሁ በማግስቱ ዓመት እንግዶች ጋብዞ የተመለሰበት ነው። እሱም መጥፎ አይደለም፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑት ሴቶች ዝማሬ ግን ያለው በመጀመሪያው ላይ ነው። «ምርጥ ሥራዎች» የሚል ርካሽ ስብስብ ደግሞ ሲገጥማችሁ ጀርባውን ገልብጡና ማቲልዳ ስንት ደቂቃ እንደሆነች እዩ፤ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ካለ የስቱዲዮው ነው፣ መልሱት።